ቀራጩ ፋርመር እና ገባሩ ገበሬ

በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በደምበጫ እንግሊዝኛ የሚማር ተማሪ «ፋርመር» ማለት «ገበሬ» ማለት መሆኑን ገና በአንደኛ ደረጃ ትምህርቱ ያውቃል፤ ትርጉሙም ለዛሬው እንግሊዝኛ ስሕተት የለበትም። ይሁን እንጂ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር በዚህ ስም ይጠራ የነበረው ሰው በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሳይሆን፣ ለንጉሥ ወይም ለመኳንንት የሚገባውን ግብር ከሕዝብ እየሰበሰበ የሚኖር ሰው ነበር። የአማርኛው «ገበሬ»ም ከግብር ጋር ጥብቅ ዝምድና አለው፤ ወገኑ ግን የተቀባዩ ሳይሆን የሰጪው ነው። የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት ለአድማጮች የሚያቀርበው እነዚህ ሁለት የሙያ ስሞች ከግብር ሁለት ዳርቻዎች ተነሥተው በአንድ ማሳ ላይ እንዴት እንደተገናኙ ሲሆን፣ የአማርኛው ምሳሌዎች በአብዛኛው ከምዕራብ ጎጃም ገጠር የተወሰዱ ናቸው።

«ፋርመር» የወጣው «ፊርማ» ከሚለው የመካከለኛው ዘመን የላቲን ቃል ነው። ይህ ቃል በጊዜው የተወሰነ፣ የማይጨምርና የማይቀንስ ክፍያን ያመለክት ስለነበር፣ በአማርኛ «ቁርጥ» የሚባለው ነው ሊባል ይችላል። የቃሉ መነሻ ማጽናትን የሚገልጽ ግስ ሲሆን፣ ጣልያኖች ውል የሚጸናበትን የእጅ ምልክት ከዚሁ ግስ አውጥተው «ፊርማ» አሉት፤ አማርኛም ከጣልያንኛ ወስዶ እስከ ዛሬ በየጽሕፈት ቤቱ ይገለገልበታል። ስለዚህ በፍኖተ ሰላም የመሬት ኪራይ ውል ተዋውሎ ፊርማውን የሚያኖር ሰው «ፋርመር» ከሚለው ቃል ጋር በሥር የሚዛመድ ቃል በአፉ ይዞ ይውላል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ንጉሡ ወይም መኰንኑ ከአንድ አውራጃ፣ ከአንድ ገበያ ወይም ከአንድ ኬላ የሚገኘውን ገቢ በየዕለቱ እያስቆጠረ ከመሰብሰብ ይልቅ ለአንድ ባለገንዘብ በቁርጥ ይሰጠዋል፤ ባለገንዘቡም የተስማማበትን ልክ ለጌታው ካስገባ በኋላ ከሕዝቡ የሚያገኘው ሁሉ ትርፉም ኪሳራውም የራሱ ይሆናል። ጌታው ገንዘቡን አስቀድሞ ስለሚያውቀው፣ ከጸሐፊና ከቆጣሪ ወጪም ስለሚድን አሠራሩ ይመቸዋል። ለከፋዩ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ከቁርጡ በላይ የተገኘ እያንዳንዱ ሳንቲም ለሰብሳቢው የሚቀር እስከሆነ ድረስ ሰብሳቢው የሚራራበት ምክንያት አይኖረውም። በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እንግሊዞች «ፋርመር» ይሉት የነበረው ይህን ሰው ነው።

ይህ ትርጉም በፈረንሳይ እስከ 18ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ኖሯል። ከ1726 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ታላቁ አብዮት ድረስ የጨው፣ የትምባሆና የኬላ ገቢን ከንጉሡ በቁርጥ ተቀብሎ የሚሰበስብ የባለሀብቶች ማኅበር የነበረ ሲሆን፣ የአባላቱ ማዕረግ በቀጥታ ሲተረጐም «ጠቅላይ ፋርመር» የሚል ነበር። የዘመናዊ ኬሚስትሪ መሥራች ከሚባሉት ሊቃውንት አንዱ የሆነው አንቷን ላቮዚዬ በ1768 እ.ኤ.አ. በዚህ ማኅበር ውስጥ ድርሻ ገዝቶ ገባ፤ በ1794 እ.ኤ.አ.ም ከሌሎች 27 የማኅበሩ ሰዎች ጋር በአንድ ቀን በጊሎቲን፣ ማለትም በአብዮቱ ዘመን አንገት መቁረጫ መሣሪያ፣ ተቀጣ። ይህን ታሪክ በመዝገበ ቃላት ብቻ ተደግፎ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ የፈረንሳይ አብዮተኞች 28 ገበሬዎችን ፈጁ ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ የተቀጡት ግን የገበሬውን ጨው ሲቀርጡ የኖሩ ሰዎች ነበሩ።

የኢትዮጵያ አድማጭ ይህን ዓይነቱን ሰው በሌላ ስም ያውቀዋል። በአማርኛው ወንጌል ማቴዎስ «ቀራጭ» ይባላል፤ ቀራጭ ማለት በኬላና በገበያ ላይ ተቀምጦ ቀረጥ የሚቀበል ማለት ሲሆን፣ በጥንቱ የሮማ ግዛት ብዙ የግብር ዓይነቶች ለባለሀብቶች በቁርጥ ይሰጡ ስለነበር ሙያው በሕዝቡ ዘንድ የተጠላ ነበር። ቀራጮች በወንጌል ከኃጢአተኞች ጋር እየተጣመሩ የሚጠሩትም ከዚሁ የተነሣ ነው። በኢትዮጵያ የዚህ ሥራ ባለቤት «ነጋድራስ» ነበር። ቃሉ የነጋዴዎች ራስ፣ አለቃ ማለት ነው፤ ሹሙ በመጀመሪያ የሲራራ ነጋዴዎች፣ ማለትም በአህያና በበቅሎ ጭነው በብዛት የሚጓዙ የሩቅ አገር ነጋዴዎች መሪ ሲሆን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ነገሥታትና መኳንንት የገበያና የኬላ ገቢን በተወሰነ ገንዘብ ይሰጡት ስለነበር የቀረጥ ሰብሳቢነት ሥራም ከስሙ ጋር ተጣበቀ። ከአባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ፣ ሰውም ሳይቀር ለባርነት ሽያጭ እየነዳ ወደ ባሶና ወደ ቡሬ ገበያ የሚወጣው ሲራራ በየኬላው ሲቀረጥ የሚያገኘው የነጋድራሱን ሰዎች ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ማዕረጉ ሰፍቶ የከተማ ገበያ አስተዳዳሪነትን ሲጨምር፣ «ጦቢያ» በሚል ስም የሚታወቀውን ልብ ወለድ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያሳተሙት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ካረፉ በኋላ የታተመላቸው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ እንዲሁም በሸክላ የተቀረጹ ዘፈኖቻቸው የሚታወቁት ተሰማ እሸቴ ሁሉም ነጋድራስ ተብለዋል። ቀረጥ ይሰበሰብበት የነበረው ማዕረግ ለትውልድ የቀረው በደራሲዎቹና በዘፋኙ ስም መሆኑ አንድ የታሪክ ቀልድ ነው። ለማንኛውም የድሮው እንግሊዝኛ «ፋርመር» ሲል ሊመሳሰል የሚገባው ከገበሬው ሳይሆን ከነጋድራሱ ጋር ነው።

እንግሊዝኛው ከኬላው ወደ ማሳው የወረደው በኪራይ በኩል ነው። ባለመሬቱ መኰንን ርስቱን ራሱ ከማሳረስ ይልቅ በዓመት የተወሰነ ገንዘብ ለሚከፍል ሰው ለብዙ ዓመታት በውል መስጠት ሲጀምር፣ የውሉ ክፍያ «ፋርም»፣ ከፋዩም «ፋርመር» ተባሉ። አሁን ሰውየው የሌላውን ግብር የሚሰበስብ ሳይሆን ራሱ በቁርጥ የሚከፍል ሆነ፤ ቀስ በቀስም «ፋርም» ከክፍያው ወደ መሬቱ፣ «ፋርመር» ከተከራዩ ወደ አራሹ ተሸጋገሩና በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ መሬቱ የማንም ይሁን የማን፣ የሚያርሰው ሁሉ በዚህ ስም መጠራት ጀመረ። ከዚያ በፊት አራሹ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ቃል «ሐዝባንድማን» ሲሆን፣ የዚህ ቃል ሥር የሆነው «ሐዝባንድ» በጥንት ትርጉሙ ባለቤት፣ የቤት ጌታ ማለት ነበር፤ በኋላ ግን ባል ወደሚለው ትርጉም ጠበበ። አማርኛ ተናጋሪም ባልን «ባለቤቷ» ስለሚል ይህኛው ሽግግር ለጆሮው እንግዳ አይደለም።

የአማርኛው «ገበሬ» ነገር ከዚህ ይልቅ የጠለቀ ነው። በግዕዝ «ገብረ» ማለት አደረገ፣ ሠራ ማለት ሲሆን፣ «ግብር» ደግሞ ሥራ፣ ድርጊት ነው፤ በአማርኛ «የሐዋርያት ሥራ» የሚባለው መጽሐፍ በግዕዝ «ግብረ ሐዋርያት» የተባለውም ለዚህ ነው። «ገብር» አገልጋይ፣ ባሪያ ማለት በመሆኑ ገብረ ሥላሴ፣ ገብረ መድኅን የሚሉ የክርስትና ስሞች ከዚያ ወጥተዋል፤ «ተግባር»፣ «ግብርና»፣ «ግብረ ገብ» የሚሉትም፣ በቅርቡ ዘመን የተፈጠረው «ግብረ ኃይል» ሳይቀር የዚሁ ሥር ልጆች ናቸው። በአማርኛ ግን «ገበረ» የሚለው ግስ ጠብቦ ግብር ከፈለ ማለት ሆነ፤ «አስገበረ» ሲባል ደግሞ አንድ ንጉሥ ሌላውን አገር ድል አድርጎ ግብር ከፋይ አደረገ ማለት ነው። ስለ አገር የሞተ አርበኛ «ሕይወቱን ገበረ» የሚባለው በዚሁ የመስጠት መንፈስ ነው።

«ገበሬ» የወጣው ሥራን ከሚያመለክተው ጥንታዊ ትርጉም ነው ወይስ ግብር መክፈልን ከሚያመለክተው ከኋለኛው የሚለው ጥያቄ ብዙ ሊያከራክር ይችላል፤ ነገር ግን ሁለቱን መለየት በራሱ የዛሬ ሰው አስተሳሰብ ይመስላል። በቀድሞው የኢትዮጵያ ገጠር መሬትን መሥራትና በመሬቱ መገበር የአንድ ሰው አንድ ግዴታ ስለነበሩ፣ የሚሠራውንና የሚገብረውን በሁለት ስም የሚጠራበት አስገዳጅ ምክንያት አልነበረም። ልዩነት የመጣው «ባ» ጠብቆ በሚነገረው «ገባር» ላይ ነው። ገበሬ ሙያ ሲሆን ገባር የሹምና የተገዥ ግንኙነት ነው፤ አንድ ሰው በማሳው ላይ ገበሬ፣ በሹሙ ፊት ደግሞ ገባር ነበር። ሹሙም ከተቀበለው ላይ መልሶ ድግስ ይደግሳል፤ የድግሱም ስም «ግብር» ነው፤ «ግብር አበላ» ይባላል። ከገበሬው ጎተራ ወጥቶ ወደ ቤተ መንግሥት የሚገባው ግብር፣ ከቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ለሠራዊቱና ለእንግዳው የሚወጣውም ግብር ሲባል፣ ቃሉ የአገሪቱን ሀብት መዘዋወሪያ መንገድ በአንድ ስም ይዞታል ማለት ነው። ወደ ጎተራው የሚመለሰው ግን ብዙ ጊዜ የድግሱ ወሬ ብቻ ነበር።

የገባር ትርጉም በመላው አገሪቱ አንድ አልነበረም። በጎጃምና በሌላው ሰሜን፣ ገበሬው ከአባት ከአያቱ በዘር የሚወርሰው «ርስት» ነበረው፤ በዚያው መሬት ላይ ግብር የመቀበልና የማስተዳደር መብት ደግሞ «ጉልት» ይባል ነበር፤ ለመኰንን ወይም ለቤተ ክርስቲያንም ይሰጣል። ባለርስቱ ለባለጉልቱ ይገብራል፤ ርስቱን ግን ባለጉልቱ በቀላሉ አይነቅለውም። በደቡብ፣ ከዐፄ ምኒልክ ዘመቻዎች በኋላ፣ «ገባር» ሲባል ከነቤተ ሰቡ ለአንድ ወታደር ወይም ሹም የተመደበና እህልም ጉልበትም እንዲያቀርብ የተገደደ ሰው ማለት ሆነ። በመሆኑም አንዱ ቃል በጎጃም የባለመሬትነት ማስረጃ፣ በደቡብ ደግሞ የመሬት አልባነት ምልክት ሊሆን ችሏል። ርስት በሌለበት ሰፍሮ የሚኖረው «ጢሰኛ» የተባለው ከጢስ ነው፤ ያለው ጎጆና እሳት ብቻ ነውና።

ዛሬ «ገባር» በንግግር ውስጥ ሕያው ሆኖ የቀረው በጂኦግራፊ ትምህርት ነው። በምዕራብ ጎጃም የሚፈሱት ብርና ፈጣም «የአባይ ገባር ወንዞች» ይባላሉ፤ ውኃቸውን ለታላቁ ወንዝ የሚገብሩ ናቸውና። እንግሊዝኛውም ተመሳሳይ ወንዝ የሚጠራው ግብር ከፋይን በሚያመለክት ቃል ስለሆነ፣ በዚህ አንድ ጉዳይ ሁለቱ ቋንቋዎች ያለ ክርክር ይስማማሉ።

ለጎጃም ገበሬ የመገበር ትርጉም ምን እንደነበር በግልጽ የታየው በ1960 ዓ.ም. ነው። ቀደም ሲል ጉልት በ1958 ዓ.ም. በአዋጅ ቀርቶ ነበር፤ በ1960 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 255 ከእርሻ በሚገኝ ገቢ ላይ አዲስ ግብር ደነገገ። ይህም ለዘመናት ሲከፈል የቆየውን አስራት፣ ማለትም የምርት አንድ አሥረኛ፣ የሚተካ ነበር። የአዋጁ ሐሳብ በወረቀት ላይ ሲነበብ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ብዙ ያመረተ ብዙ እንዲከፍል ይላል። ይሁን እንጂ ገቢውን ለመገመት መሬቱና ምርቱ መገመት፣ መሬቱም መለካት ይኖርበታል፤ የጎጃም ገበሬ ደግሞ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የመሬት ልኬትን አጥብቆ ሲቃወም የኖረ ነው። የመለኪያው ገመድ «ቃላድ» ይባላል። በደቡብ ቃላድ በተጣለበት ቦታ ሁሉ መሬት ከነባሩ ባለቤት እጅ ወጥቶ ለሹምና ለወታደር መደልደሉን የሰማ ባለርስት፣ ገማቹና ለኪው ወደ ማሳው ሲመጡ የሚታየው የግብሩ መጠን ሳይሆን የርስቱ መጥፋት ነበር። በዚህ ምክንያት በሞጣና በሌሎችም አውራጃዎች ገበሬው መሣሪያ አንሥቶ ሸፈተ፤ ፍኖተ ሰላም ዋና ከተማው በነበረችው በቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃም ዓመፁ በረታ። መንግሥት ጦርና የጦር አውሮፕላን ሳይቀር ቢያሰማራም ነገሩ በኃይል አልበረደም፤ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ አዲሱም ግብር በተግባር ቀረ፣ በ1961 ዓ.ም.ም የብዙ ዓመታት ውዝፍ ግብር ተማረ። ይህን ዓመፅ ግብርን ከመጥላት ብቻ የመጣ አድርጎ ማየት አይበቃም። ገበሬው አስራቱንም የመሬት ግብሩንም ሲከፍል የኖረ ሰው ነበር፤ እምቢ ያለው በአያቱ ርስት ላይ እንደ ደቡቡ ገባር ለመሆን ነው።

ዓመፁ ከተነሣ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ ባለርስት፣ ባለጉልትና ጢሰኛ የሚሉት ስሞች በአንድ ቀን ሕጋዊ ትርጉማቸውን አጡ። «መሬት ለአራሹ» የሚለው የተማሪዎች መፈክር በ1957 ዓ.ም. ሲሰማ «ገበሬ» ከሚለው ይልቅ «አራሽ» የሚለውን መምረጡ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ገበሬ የሚለው ስም ባለርስቱንም የሌላውን መሬት በእኩል ወይም በሲሶ የሚያርሰውንም በአንድነት ስለሚያቅፍ፣ መፈክሩ የፈለገው በእጁ ሞፈር የያዘውን ብቻ ነበር። አዋጁ ያቋቋመው ድርጅት ግን ስሙ «ገበሬ ማኅበር» ሆነ። ማኅበሩ 800 ሔክታር ያህል መሬት በሚሸፍን አካባቢ የሚደራጅ ሲሆን መሬት የማደልና የመዳኘት ሥልጣንም ተሰጠው፤ ከዚህም የተነሣ የአንድ ሙያ ስም የአስተዳደር ክልል ስም ለመሆን በቃ። ዛሬም በምዕራብ ጎጃም «የየትኛው ገበሬ ማኅበር ነህ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ስለ ቀበሌው እንጂ ስለ ማኅበር አባልነቱ አይመልስም።

«አርሶ አደር» የሚለው ስያሜ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቃሉ አርሶ የሚያድር፣ በእርሻው የሚኖር ማለት ሲሆን፣ በአብዮቱ ዘመን የተለመዱት «ሠርቶ አደር» እና «ወዝ አደር» የተሠሩበትን ስልት ይከተላል። በመንግሥት መግለጫ፣ በዜናና በልማት ጣቢያ ሠራተኛው ንግግር ውስጥ «ገበሬ»ን ገፍቶ አስወጥቶታል ማለት ይቻላል፤ ገበሬው ራሱ ግን ስለ ራሱ ሲናገር አሁንም «ገበሬ ነኝ» ይላል። አዲሱ ስም ያለ ጥርጥር የአክብሮት ሐሳብ ነበረው። ጉድለቱ ታሪክ የሌለው መሆኑ ነው፤ ስለ መገበር፣ ስለ ርስትና ስለ መብት ምንም አይናገርም፣ የሚናገረው ስለ ዕለት ኑሮ ብቻ ነው። «ባላገር» የሚለውም በሌላ መንገድ ደክሟል። በመጀመሪያ ትርጉሙ አገር ያለው፣ የመሬት ባለቤት ማለት የነበረው ክቡር ስም በከተሜው አፍ የስድብ ያህል ወርዷል። በእንግሊዝም በጌታው ርስት ላይ የሚኖረውን አራሽ ያመለክት የነበረው «ቪለን» የሚለው ቃል ዛሬ ክፉ ሰው፣ የተውኔት ወንጀለኛ ማለት ሆኗል፤ ቃል የሚያወጡት ሰዎች ከተማ ሲገቡ የገጠሩ ስም ይበላሻል።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ከሁሉ የሚገርም የሙያ ስም ወደ ጎጃም ገጠር አመጣ። በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ሥልጣን ላይ የነበሩ ሰዎች «ቢሮክራሲ» ተብለው ተለዩና ይዞታቸው ከአራት ጥማድ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ጥማድ በአንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚታረስ መሬት ሲሆን አራቱ አንድ ሔክታር ያህል ይሆናል። ሌላው ገበሬ ግን እስከ ሦስት ሔክታር ሊይዝ ይችል ነበር። በአውሮፓ የጠረጴዛ ሠራተኞችን አስተዳደር የሚያመለክተው ቃል በዚህ ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ ሞፈርና ቀንበር ሲያነሣ የኖረን ሰው መሬት ለመቀነስ አገለገለ። የሙያ ስም ማውጣት የመሬት ድልድል ያህል ሥልጣን መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በአሁኑ ጊዜ በቡሬ ዙሪያ፣ በወምበርማና በጃቢ ጠህናን በቆሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳና በርበሬ የሚያመርተው ሰው በአንድ ስም አይጠራም። ለግብርና ጽሕፈት ቤት አርሶ አደር፣ ለገቢ ሰብሳቢው ግብር ከፋይ፣ ለመሬት አስተዳደር ባለይዞታ ነው፤ ሰፊ መሬት በሊዝ ወይም በኪራይ ይዞ በትራክተር የሚያሳርሰው ደግሞ ሥራው ያው እርሻ ቢሆንም «ኢንቨስተር» ይባላል። በጥንቱ የእንግሊዝኛ ትርጉም መሬትን በውል ተቀብሎ በቁርጥ የሚከፍለው ይህ የመጨረሻው ሰው ስለሆነ፣ የ16ኛው መቶ ዓመት እንግሊዛዊ ወደ ቡሬ ቢመጣ «ፋርመር» ብሎ የሚጠራው ኢንቨስተሩን ሳይሆን አይቀርም።

ይህን የቃላት ታሪክ ለማጥናት የሚረዳው ማስረጃ ብዙው በገበሬው ቤት ውስጥ ይገኛል። የአስራትና የመሬት ግብር ደረሰኝ በገጠሩ ዘንድ «የገበርኩበት» ተብሎ እንደ ርስት ማረጋገጫ ሲጠበቅ የኖረ ሲሆን፣ በላዩ የተጻፈው ከፋዩ በየዘመኑ በምን ስም ይጠራ እንደነበር፣ መሬቱም ለም፣ ለም ጠፍ ወይም ጠፍ ተብሎ መመደቡን ያሳያል። ስለዚህ ከ1967 ዓ.ም. በፊት የተቈረጠ ደረሰኝ በሙዳይ ወይም በሣጥን ያላቸው አድማጮች ጊዜው አልፎበታል ብለው እንዳይጥሉት፣ ስለ መሬቱ የሚያውቁ አረጋውያን በሕይወት ሳሉም ደረሰኙ የየትኛው ማሳ እንደሆነና በማን ስም ይገበር እንደነበር ጠይቀው በተለየ ወረቀት ጽፈው አብረው እንዲያስቀምጡ የዝግጅቱ አቅራቢዎች ይጠይቃሉ።